«ቀሪ» ከሚለው ቃል አጠገብ ምክንያቱንም ጻፉልን

ይድረስ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፣ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ የእንደራሴዎችን የሥራ መዝገብ በድረ ገጽ ለምታዘጋጁ ሁሉ፤ እንዲሁም ያንን መዝገብ አይታችሁ ድምፅ ለምትሰጡ ወገኖቼ።

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ጥፋቴም በአማርኛ ስለነበር ነው። ያሳሳትኳቸው ሰዎች እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ የምርጫ ሰሞን በራሪ ወረቀት በፖስታ ደረሰኝ። ወረቀቱ ስለ አንድ የቀድሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበር። ሰውየው ለተወሰኑ ዓመታት አገልግለው ወጥተዋል። አሁን ተመልሰው ለመመረጥ ይወዳደራሉ። ወረቀቱ ላይ በትልልቁ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። አንዱ ስንት ጊዜ ድምፅ ሳይሰጡ እንደቀሩ ይናገራል። ሌላው ካቀረቧቸው ረቂቅ ሕጎች ስንቱ ሕግ እንደሆነ። ሁለቱም ቁጥሮች አያምሩም።

ወረቀቱን ፎቶ አነሳሁትና ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ለቀቅኩት። «ሥራ ሳይገባ ደሞዝ የሚበላ ሰው» ብዬም ጻፍኩበት። ሰው ተቀባበለው። አንዱ አዘነ፣ ሌላው ተናደደ፣ ብዙዎች ሼር አደረጉት።

ግሩፑ ውስጥ አንድ አባት አሉ። ብዙ አይጽፉም። በማግስቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩልኝ፦ «ልጄ፣ የቀረባቸው የትኛው ድምፅ ነው?»

አላውቅም ነበር። ስንት በመቶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ የምክር ቤቱን ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ከፈትኩ። ከ1990 ወዲህ በስም የተሰጠ ድምፅ ሁሉ እዚያ አለ። ቀን በቀን፣ ስም በስም። ለዚህ ሥራችሁ ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። ማንም ተራ ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ከቤቱ ሆኖ የሚያየው መዝገብ ትልቅ ነገር ነው።

ያየሁት ግን ከወረቀቱ ጋር አልገጠመልኝም። የቀሩባቸው ቀናት በየወሩ የተበተኑ አልነበሩም። አንድ ቦታ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ለጥቂት ሳምንታት ጭራሽ የሉም። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የቀሩት ግን ከስንት አንዴ ነው። ቀጥዬ የኮንግረሱን የዕለት ቃለ ጉባኤ ፈተሽኩ። እዚያ እሳቸው ራሳቸው ያስመዘገቡት አጭር ማብራሪያ አገኘሁ። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እሳቸውም ሲያስታምሙ ነው የከረሙት። ማብራሪያው ያመለጧቸውን ድምፆች በተራ ቁጥር እየጠራ ይዘረዝራል። ተገኝቼ ቢሆን ኖሮ በዚህኛው እደግፍ ነበር፣ በዚያኛው እቃወም ነበር ይላል።

ወዲያው ማስተካከያ ጻፍኩ። ግን የመጀመሪያው ፎቶ ከእኛ ግሩፕ ወጥቶ ሄዷል። ማስተካከያው ተከትሎት አልሄደም። ሰውየው ምርጫውን ተሸነፉ። በእኔ ፎቶ ምክንያት ነው አልልም፤ ለመሸነፍ ሌላ ብዙ ምክንያት ይኖራል። ግን ያንን ወረቀት ካዳረሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እንዳትሳሳቱብኝ። መቅረት ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ከ2020ው ሕዝብ ቆጠራ በኋላ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በአማካይ ከ760,000 በላይ ሰው ይወክላል። እሱ ሲቀር የዚያ ሁሉ ሕዝብ ወንበር ባዶ ነው። አንድ ድምፅ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በሜይ 2025 ትልቁ የግብርና የወጪ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው 215 ለ214 ነው። በአንድ ድምፅ ልዩነት ማለት ነው። ያን ሌሊት ድምፅ ሳይሰጡ የቀሩ ነበሩ። በሞት ምክንያት ባዶ የነበሩ ወንበሮችም ነበሩ። ስለዚህ ማን ተገኘ ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ የመራጭ መብት ነው። ሥራውን ንቆ የሚቀር እንደራሴ ካለ ይታወቅበት፤ መራጩም ይጠይቀው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ንቆ የቀረውና እያስታመመ የቀረው ሰው በእናንተ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው የሚከነክነኝ። ለሁለቱም የተጻፈው «ድምፅ አልሰጠም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ይደምረዋል፣ ሌላው ወደ መቶኛ ይቀይረዋል። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያትመዋል፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ያሰራጨዋል።

ሁለት ሰዎች ልንገራችሁ። ሁለቱም የቀድሞ እንደራሴዎች ናቸው፣ ሁለቱም በሕይወት የሉም።

አንደኛው የኬንታኪው ዊሊያም ናቸር ናቸው። ከ1954 እስከ 1994 በስም ጥሪ 18,401 ጊዜ በተከታታይ ተገኝተዋል። አንድም አላመለጣቸውም። አርባ ዓመት ሙሉ! ለምርጫ ዘመቻም ከሰው ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። በመጨረሻ ጠና ብለው ታመሙ። ያኔም ከሆስፒታል በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፉ መጥተው ድምፅ ሰጡ። በዚያው ወር፣ በማርች 1994፣ አረፉ። ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እንዲህ ሥራውን የሚያከብር ሰው ይከበራል።

ሁለተኛው የካሊፎርኒያው ሴናተር ክሌር ኤንግል ናቸው። የአንጎል ዕጢ ነበረባቸው። በ1963 ኦፕሬሽን ተደረጉ፣ በ1964 የጸደይ ወራት እንደገና። በነዚያ ወራት መዝገባቸው በቀሪ የተሞላ ነው። መናገርም ተስኗቸው ነበር። በጁን 10 ቀን 1964 ሴኔቱ በሲቪል መብቶች ሕግ ላይ የተያዘውን ማለቂያ ያጣ ክርክር ለመዝጋት ድምፅ ሊሰጥ ተሰበሰበ። ክርክሩ ካልተዘጋ ሕጉ እዚያው ይሞታል። ኤንግልን በተሽከርካሪ ወንበር አስገቧቸው። ስማቸው ተጠራ። አፋቸውን ለመክፈት ሞከሩ፤ ቃል አልወጣም። እጃቸውን አንስተው ወደ ዓይናቸው አመለከቱ። በእንግሊዝኛ በምክር ቤት «አዎ» የሚባልበት ቃልና «ዓይን» የሚለው ቃል ሲነገሩ ድምፃቸው አንድ ነው። ድምፃቸው ተመዘገበ። ክርክሩ በ71 ለ29 ተዘጋ፤ የሚያስፈልገው 67 ነበር። ከሃምሳ ቀን በኋላ፣ በጁላይ 30፣ አረፉ።

የሁለቱን መዝገብ በመቶኛ ብታነጻጽሩ ናቸር መቶ ከመቶ ናቸው። ኤንግል በመጨረሻው ዓመታቸው ከታች ናቸው። ያቺን አንዲት ቀን ግን ከየትኛው መቶኛ ውስጥ ታገኟታላችሁ? ሠንጠረዡ ላይ ለፖስታ ቤት ስም ለማውጣት ከተሰጠ ድምፅ እኩል አንድ ሆና ነው የምትቆጠረው።

ሌላም ነገር አለ። በአገሪቱ ልማድ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አይሰጥም። ደንቡም አያስገድደውም። ስለዚህ እንደ ጆን ቤይነር ወይም ፖል ራያን ያለ አፈ ጉባኤ የነበረን ሰው በቁጥር ብቻ ብታዩት ሰነፍ ይመስላችኋል። የዋሽንግተን ዲሲ ተወካይ ደግሞ በሕግ የመጨረሻ ማጽደቂያ ላይ ድምፅ የመስጠት መብት የለውም። ዋልተር ፎንትሮይ ከ1971 እስከ 1991 ዲሲን ወክለው ሲሠሩ በዚያ ዓምድ ላይ ሊታይ የሚችል ነገር አልነበራቸውም። የኮቪድ ጊዜው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከሜይ 2020 እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በሌላ አባል ውክልና ድምፅ ማሰጠት ይችል ነበር። አንዱ አባል እስከ አሥር ሰው ውክልና መያዝ ይችል ነበር። በዚያ ጊዜ ያገለገለ እንደራሴ «ሁሌም ድምፅ ሰጥቷል» ቢባል አዳራሹ ውስጥ ነበር ማለት አይደለም። ጠቅላላ ማጠቃለያ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁጥር ልምጣ። ያ ወረቀት «ካቀረባቸው ረቂቆች ሕግ የሆነው ይህን ያህል ብቻ ነው» ይል ነበር። እኔም ገርሞኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ነገሩ የብዙዎች ዕጣ ነው። በአንድ የሁለት ዓመት የኮንግረስ ዘመን ከ10,000 በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ። ሕግ የሚሆኑት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ከነዚያ ውስጥም ቀላል የማይባለው ክፍል የፖስታ ቤት ወይም የሌላ መንግሥታዊ ሕንፃ ስም የሚሰይም ነው። ስያሜውን አልንቅም፤ ለሞተ ወታደር ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሦስት ፖስታ ቤት ያስሰየመ ሰው በቁጥር ሲታይ አንድ ከባድ ሕግ ለዓመታት ከታገለለት ሰው ሦስት እጥፍ ሠርቷል ይባላል።

የጆን ኮንየርስን ነገር ስሙኝ። የሚቺጋን እንደራሴ ነበሩ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በአራተኛው ቀን፣ በኤፕሪል 1968፣ ልደታቸው ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ረቂቅ አቀረቡ። አላለፈም። ደግመው አቀረቡ። በ1979 ምክር ቤቱ ውስጥ ለድምፅ ቀርቦ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ አምስት ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። በመጨረሻ በ1983 አለፈ፤ በኖቬምበር 2 ቀን ተፈረመ። ነገር ግን ሕግ ሆኖ የወጣው ረቂቅ የቀረበው በኢንዲያናዋ ኬቲ ሆል ስም ነው። ሆል ገና አዲስ ገብ ነበሩ። ሥራቸውም ትልቅ ነው፣ ክብሩም ይገባቸዋል። ግን መዝገቡን በቁጥር ብቻ ለሚያነብ ሰው ኮንየርስ በዚህ ጉዳይ ላይ ዜሮ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት የደከሙበት ሥራ «ሕግ ካልሆኑት» ጋር ነው የተደመረው።

ሌላው የሚቺጋን እንደራሴ ጆን ዲንገልም እንደዚሁ። አባታቸው በኮንግረስ ሳሉ ለሁሉም ሰው የሚሆን ብሔራዊ የጤና መድን ረቂቅ አቅርበው ነበር። ልጅ በ1955 የአባታቸውን ወንበር ሲይዙ ያንን ጉዳይ አልጣሉትም። ኮንግረሱ አዲስ ዘመን በጀመረ ቁጥር ረቂቁን መልሰው ያቀርቡ ነበር። በየሁለት ዓመቱ አንድ ረቂቅ፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ውድቀት። መዝገቡ እንዲህ ነው የሚቆጥረው። በ1965 የአረጋውያን የጤና መድን በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ግን ጉባኤውን የመሩት እሳቸው ነበሩ። በ2010 የጤና መድን ሕጉ ሲያልፍ አፈ ጉባኤዋ የመቱት መዶሻ ያኔ ዲንገል የተጠቀሙበት ነው። እሳቸው አውሰዋቸው ማለት ነው። ይህን የትኛው መቶኛ ይነግራችኋል?

ደንቡ ራሱም ቁጥሩን ይለውጠዋል። እስከ 1967 ድረስ በተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ረቂቅ ላይ ብዙ ሰው አብሮ መፈረም አይችልም ነበር። ስለዚህ ሐሳቡን የደገፈ ሁሉ ያንኑ ረቂቅ በራሱ ስም ያቀርብ ነበር። ከ1967 በኋላ እስከ 25 ሰው አብሮ እንዲፈርም ተፈቀደ። ከ1979 ጀምሮ ገደቡ ተነሳ። የ1960ዎቹን እንደራሴ «ብዙ ረቂቅ አቀረበ» ብሎ ከዛሬው ጋር ማወዳደር ሁለት የተለያየ መስፈሪያ ይዞ እህል እንደመስፈር ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ኤች አር 2003ን የማያስታውስ የኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የቀረበው ረቂቅ ነው። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ነበሩ። በኦክቶበር 2007 የተወካዮች ምክር ቤትን አለፈ። በሴኔት ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ፔይን በማርች 2012 አረፉ። መዝገባቸው ላይ ያ ረቂቅ ሕግ ካልሆኑት ጋር ተደምሯል። የደገፈውም የተቃወመውም ያገራችን ሰው ግን ያ ረቂቅ ስንት ስብሰባ እንዳስጠራ፣ ስንት ሰው ወደ እንደራሴው ቢሮ እንዳስደወለ ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አብዛኞቻችን አናውቅም። ያ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው በቃል ድምፅ ነው። አዎ የሚሉ ጮክ ብለው አዎ ይላሉ፣ አይ የሚሉ አይ ይላሉ፣ ያበቃል። ስም አይመዘገብም። ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት በኤፕሪል 2018 የጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128ም እንዲሁ በቃል ድምፅ ነው ያለፈው። ስለዚህ «እገሌ ያኔ ለእኛ ድምፅ ሰጥቷል» ወይም «እገሌ ያኔ ቀርቷል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ማስረጃው የት እንዳለ ጠይቁት። አብሮ የፈረመ ሰው ካለ ስሙ ይገኛል። ለቃል ድምፁ ግን የስም መዝገብ የለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቁ ድምፁ በስም ይመዘገባል። ያን ቀን አልተመዘገበም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው።

የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤትና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሆይ፣ ሁለቱም ነገር በእጃችሁ ነው። የድምፅ ሠንጠረዡ አለ። አባላቱ በቃለ ጉባኤ የሚያስመዘግቡት ማብራሪያም አለ። ማብራሪያው አብዛኛውን ጊዜ የድምፁን ተራ ቁጥር ይጠቅሳል። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። «ድምፅ አልሰጠም» የሚለው ቃል ላይ ማስፈንጠሪያ አድርጉልን። ስንጫነው ማብራሪያው ይከፈት። ማብራሪያ ያላስመዘገበ ሰው ካለ አለማስመዝገቡም ይታይ፤ ያም ራሱ መረጃ ነው። በውክልና የተሰጠውም ድምፅ በውክልና መሆኑ በማጠቃለያው ላይ ይጻፍ። በተለይ ከሥራ የወጡትን ሰዎች መዝገብ አደራ። በሥራ ላይ ያለ እንደራሴ ቢሮ አለው፣ ቃል አቀባይ አለው፣ ይመልሳል። የቀድሞ እንደራሴ ግን የሚናገርለት ያ ገጽ ብቻ ነው። የሞተማ ጭራሽ መልስ አይሰጥም።

ማጠቃለያ ገጾችን የምታዘጋጁ ድርጅቶች፣ መቶኛውን አጥፉት አልልም። ከጎኑ ግን የቀን መስመር አስቀምጡ። መቅረቱ በአንድ ወር የተከማቸ ይሁን በስድስት ዓመት የተበተነ፣ ሰው በዓይኑ ይየው። ረቂቁ በሌላ ሕግ ውስጥ ተካቶ አልፎ ከሆነ ያንን ጻፉ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ጀምራችኋል፤ ተመስገን። አፈ ጉባኤ የነበሩበትን ዘመን ለዩት። በቃል ድምፅ ያለፈውን «ስም አልተመዘገበም» በሉን። ባዶ ቦታ ስታሳዩን እኛ በግምት እንሞላዋለን።

ወገኖቼ፣ ለእናንተ ያለኝ አጭር ነው። በራሪ ወረቀት ሲመጣ ከማሰራጨታችሁ በፊት ዝርዝሩን ክፈቱ። እንግሊዝኛው ቢከብድ ልጆቻችሁን ጠይቁ። የቀረባቸውን ቀናት እዩ፣ በዚያ ቀን ምን ሕግ እንደቀረበ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ልትቃወሙት ከፈለጋችሁ ተቃወሙት። እኔም ያንን ዝርዝር እያየሁ ከእኚያ ሰው ጋር የማልስማማባቸው ብዙ ድምፆች አግኝቻለሁ። ተገኝተው የሰጧቸው ድምፆች ናቸው። ልሟገታቸው የሚገባኝ በእነዚያ ላይ ነበር።

የማብራሪያቸውን ትርጉም በአማርኛ ጽፌ ግሩፓችን ላይ ከላይ ሰክቼዋለሁ። ለእሳቸውም በደብዳቤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እኚያ አባት ደግሞ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፦ «ልጄ፣ ማስፈንጠሪያው ተጨመረ?» አልተጨመረም እላቸዋለሁ። የሚጨመርበትን ቀን ብትነግሩኝ ቀድሜ የምደውለው ለእሳቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መራጭ